ለማን ነው የቀለለው? የጤና ትምህርት አፕን ከተጠቃሚው ጋር ስለመመዘን



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ እህትና ወንድሞች፣ በዚህ እትም የጥናት ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከፊሉ የጤና፣ ከፊሉ የኮምፒውተር፣ ከፊሉ ደግሞ የአማና ነው። ከመካከላችን ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲና የኅብረተሰብ ጤና የሚማሩ አሉ። ሶፍትዌር ምህንድስናና ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩም አሉ። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ሐሳብ አንድ ነው፤ «ለማኅበረሰቡ የጤና ትምህርት የሚሰጥ አፕ እንሥራ» የሚል። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አፑ ተሠርቶ፣ ይዘቱ በሐኪም ታርሞ፣ ስልክ ላይ ከተጫነም በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የተሠራላቸው ሰዎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ ወይ?

ይህን ጥያቄ እኛው ለእኛው ከመለስነው መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ ቀላል ነው» ይሆናል። ምክንያቱም ለእኛ ቀላል ነው። በዚህ ትምህርት የምንማረው መልሱን ከራሳችን ሳይሆን ከተጠቃሚው እንዴት እንደምናገኝ ነው። ምሳሌያችንን ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በጀሞ፣ በለቡ፣ በሃና ማርያምና በመካኒሳ ሰፈሮች ከሚኖሩ ወላጆቻችን ሕይወት እንወስዳለን።

1. ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት አንድ ታሪክ አለ። በጉዞ ላይ የነበረ አንድ ሰው ራሱን በድንጋይ ተመትቶ ቆሰለ። ከዚያም የገላ ትጥበት ግዴታ ሆነበት። ተየሙም ማድረግ ይፈቀድለት እንደሆነ ጓደኞቹን ሲጠይቅ፣ ውሃ ማግኘት እስከቻለ ድረስ እንደማይፈቀድለት ነገሩት። ታጠበ፤ ሞተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ ካላወቁ መጠየቅ ይገባቸው እንደነበረም አስገነዘቡ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛው፣ ሰው በአካሉና በዒባዳው ጉዳይ የሚሰጠው መረጃ ሕይወትና ሞትን የሚለይ አማና መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑ ነው። አንዲት የጀሞ እናት የስልኩን ገጽ እንዴት እንደሚያነቡት እኛ አናውቅም። ስለዚህ መጠየቅ፣ ከዚያም በላይ ተቀምጦ ማየት አለብን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዎች ነገሮችን እንድናገራ እንጂ እንዳናከብድ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዐሊይ (ረ.ዐ) ደግሞ ሰዎችን በሚረዱት ልክ እንድናናግር መምከራቸውን ቡኻሪ በዕውቀት ምዕራፍ አስፍረዋል። የአንድ አፕ ገጽም ንግግር ነው። ሰሚው ካልገባው ተናጋሪው ሥራውን አልጨረሰም።

2. የአጠቃቀም ቅለት ማለት ምን ማለት ነው?

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣውና በ2018 ባሻሻለው መመሪያ (ቁጥር 9241፣ ክፍል 11) የአጠቃቀም ቅለት የሚለካው በሦስት ነገሮች እንደሆነ ይገልጻል።

ውጤታማነት፦ ተጠቃሚው የፈለገውን ነገር በትክክል ፈጸመ ወይ?
ቅልጥፍና፦ ለመፈጸም ምን ያህል ጊዜና ድካም ፈጀበት?
እርካታ፦ ሲጠቀም ምን ተሰማው? ደግሞ ሊጠቀምበት ይወዳል ወይ?

ከሦስቱ እኩል አስፈላጊ የሆነ አንድ ሐሳብ በዚሁ ትርጉም ውስጥ አለ። ቅለቱ የሚለካው ለተወሰኑ ተጠቃሚዎች፣ ለተወሰነ ዓላማ፣ በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ነው። እንግዲህ «ይህ አፕ ቀላል ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ለብቻው ትርጉም የለውም። ለማን? ምን ለማድረግ? የት ሆኖ? በካምፓስ ዋይፋይ፣ በአዲስ ስልክ፣ የ21 ዓመት ተማሪ ሲይዘው ቀላል የሆነው ነገር፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ የልጅ ስልክ፣ መነጽር ሳይኖር፣ በ60 ዓመት እናት እጅ ሌላ ነገር ይሆናል።

3. ከአገራችን የተገኘ ተሞክሮ

የጤና ትምህርት አፕ በኢትዮጵያ ውስጥ በከባድ ጥናት የተፈተነበት የታወቀ ምሳሌ አለ። ማተርኒቲ ፋውንዴሽን የተባለው የዴንማርክ ድርጅት ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲና ከደቡብ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር «ሴፍ ዴሊቨሪ» የተሰኘ አፕ አዘጋጀ። አፑ አዋላጆችና የጤና ባለሙያዎች አስቸኳይ የወሊድ ችግሮችን እንዴት እንደሚያክሙ በአኒሜሽን ቪዲዮ ያስተምራል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2014 በኦሮሚያ ክልል ገጠር ወረዳዎች፣ በ73 የጤና ተቋማት በተደረገው ጥናት የተወሰኑት ተቋማት አፑ ያለበት ስልክ ሲሰጣቸው የቀሩት በተለመደው አሠራር ቀጠሉ። በጥናቱ 3,601 ወላጆች ተካተዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። የአፑ ተጠቃሚዎች ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስን በማከምና መተንፈስ ያቃተውን ጨቅላ በመርዳት ያላቸው ክህሎት በግልጽ ከፍ አለ። በወሊድ አካባቢ የሚሞቱ ጨቅላዎች ቁጥር ደግሞ አፑ ባለበት ወገን ከ1,000 ወሊድ 14፣ በሌላው ወገን 23 ነበር። ሆኖም ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን እርግጠኛ ለመሆን የሚያበቃ አልነበረም።

አጥኚዎቹ የተገኘውን ሳያጋንኑ መጻፋቸው ለእኛ ትምህርት ነው። አንድ የጤና አፕ አራት ደረጃዎችን መውጣት አለበት፤ ሰው ይጠቀምበታል፣ ከዚያ ይማርበታል፣ ከዚያ የተማረውን ያደርጋል፣ በመጨረሻ ጤናው ይሻሻላል። የአጠቃቀም ቅለት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። እርሱ ብቻውን ጤና አያመጣም፤ እርሱ ከሌለ ግን የቀሩት ሦስቱ አይደረስባቸውም።

ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። የዚያ አፕ ተጠቃሚዎች ሙያውን የሚያውቁ የጤና ሠራተኞች ናቸው። እኛ ልንደርስላቸው የምናስባቸው ግን በቤታቸው የሚኖሩ ወላጆች ናቸው። የሙያ ትምህርት የሌለው ሰው በአፕ ሲማር የሚሳሳትበት ቦታ ብዙ ነው፤ ስህተቱን ወዲያው የሚያርምለት ባልደረባም አጠገቡ የለም።

4. ምሳሌያችን፦ ስኳር ሕመምና ረመዷን

ለትምህርታችን እንዲመች፣ የስኳር ሕመም ላለባቸው ጿሚዎች የተዘጋጀ አንድ የአማርኛ የጤና ትምህርት አፕ አለን ብለን እናስብ። ይህን የመረጥነው ጉዳዩ ከደጃችን ስለሆነ ነው። በ13 አገሮች 12,243 የስኳር ሕሙማንን ያካተተውና «ኤፒዲያር» በሚል ስም የሚታወቀው ጥናት እንዳሳየው፣ የዓይነት 1 ስኳር ካለባቸው 43 በመቶ፣ የዓይነት 2 ካለባቸው ደግሞ 79 በመቶ የሚሆኑት በረመዷን ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ የማዛወር ፈቃድ ሰጥቷል። ሆኖም ብዙ ወላጆቻችን መጾሙን ይመርጣሉ። ማን መጾም እንደሚችልና እንደማይችል መለየት የሐኪሙና የዓሊሙ ድርሻ ነው። የአፑ ድርሻ ትክክለኛውን መረጃ እጃቸው ማድረስ ነው።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከ«ዳር» ጥምረት ጋር ያወጣው መመሪያ (2016፣ የተሻሻለው 2021) ከያዛቸው መልእክቶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ. ረመዷን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መመርመር።
ለ. በጾም ሰዓት የደም ስኳርን መለካት። የጣት ደም መለካት ጾምን እንደማያፈርስ መመሪያው ያስረዳል።
ሐ. የደም ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ወይም ከ300 በላይ ሲወጣ (በሚሊግራም በዴሲሊተር) ወዲያውኑ ማፍጠር። የመውረድ ወይም የመውጣት ምልክት ሲሰማም እንዲሁ።
መ. የመድኃኒት መጠንና ሰዓት በራስ ሳይሆን በሐኪም ምክር ማስተካከል።

እነዚህ አራት መልእክቶች በአፑ ውስጥ በትክክል ተጽፈዋል እንበል። ይዘቱ እንከን የለውም። አሁን የምንመዝነው ይዘቱ ለሰው መድረሱን ነው።

5. ተጠቃሚው ማነው?

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የድሮው የሬዲዮ መገናኛ ነው። ዛሬ ያለ ሽቦ የሚመጣው መልእክት በየኪሱ ገብቷል፤ ተቀባዩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፈተናውን ከመጀመራችን በፊት ተጠቃሚዎቻችንን በቡድን መለየት አለብን።

ፊደል የሚያነቡና ስማርት ስልክ ያላቸው አሉ። ስማርት ስልክ ኖሯቸው ለጥሪና ለቴሌግራም ድምፅ ብቻ የሚጠቀሙበት አሉ። ተራ ስልክ ብቻ ያላቸው፣ ስማርት ስልክ ሲያስፈልግ ከልጃቸው የሚዋሱ አሉ። ቁርኣን አቀላጥፈው የሚቀሩ ሆነው የአማርኛ ፊደል የማያነቡ አባቶችና እናቶችም አሉ፤ እነዚህን «ማንበብ አይችሉም» ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው። አማርኛን የሚሰሙ ነገር ግን ስለ ሕመማቸው በስልጥኛ፣ በጉራጊኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ መነጋገር የሚቀላቸውም ብዙ ናቸው።

ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ስሌት አንድ ተፈታኝ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን ያሳየናል፤ 5 ተፈታኞች ደግሞ 85 በመቶ ገደማውን። ለዚህ ነው «5 ሰው ይበቃል» የሚባለው። ስሌቱ የሚሠራው ግን 5ቱ ሰዎች ከተመሳሳይ ቡድን ሲሆኑ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ቡድኖች የየራሳቸው ችግር ስላላቸው ከእያንዳንዱ ቡድን ጥቂት ሰው መውሰድ ይገባል። 5 የካምፓስ ጓደኞቻችንን ፈትነን «85 በመቶውን ችግር አገኘን» ካልን ያገኘነው የተማሪን ችግር ነው።

6. ፈተናው ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ተግባራትን እናዘጋጅ። ተጠቃሚው «አፑን እስቲ ይዩት» ሳይሆን የሚፈጸም ነገር ሊሰጠው ይገባል። ለምሳሌ፦

ተግባር 1፦ አፑን ከፍተው ስለ ረመዷን የሚናገረውን ክፍል ያግኙ።
ተግባር 2፦ ስኳርዎ ስንት ሲሆን ማፍጠር እንዳለብዎ ፈልገው ይንገሩን።
ተግባር 3፦ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ ጾመዋል፣ እጅዎ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አላበዎ እንበል። አፑ ምን ያድርጉ ይላል?
ተግባር 4፦ የሰሑር መድኃኒትዎን እንዲያስታውስዎ ሰዓት ይሙሉ።
ተግባር 5፦ ከረመዷን በፊት ሐኪም መቼ ማየት እንዳለብዎ ይፈልጉ።

ሁለተኛ፣ በተጠቃሚው ቤትና በተጠቃሚው ስልክ እንፈትን። ስልኩ የልጅ ከሆነ በልጁ ስልክ ይሁን። መብራት ደብዛዛ ከሆነ፣ የልጅ ልጅ የሚረብሽ ከሆነ፣ እውነተኛው ሁኔታ እርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የምንፈትነው አፑን መሆኑን በግልጽ እንናገር። «እማማ፣ የምንፈትነው እርስዎን አይደለም፤ አፑን ነው። የማይገባዎ ነገር ካለ ጥፋቱ የሠሪው ነው፤ ያንን ማወቅ ነው የምንፈልገው» ብለን እንጀምር። ከዚያም ሲነኩት የሚያስቡትን ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ እንጠይቅ፤ «ይቺ ምንድን ናት? ልንካት ይሆን?» የሚለው ንግግር ለእኛ ወርቅ ነው።

አራተኛ፣ እጃችንን እንሰብስብ። በዚህ ሥራ ከባዱ ነገር ዝም ማለት ነው። እናታችን ሲቸገሩ እያየን «እዚህ ጋ ይንኩት» ለማለት ልባችን ይቸኩላል። ያን ካደረግን የተፈተነው የእኛ እርዳታ እንጂ አፑ አይደለም። ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ ሙከራ በኋላ ካልተቻለ «አልተፈጸመም» ብለን መዝግበን፣ አመስግነን ወደሚቀጥለው እንለፍ። ሁለት ሰው ሆኖ መሄድ ይጠቅማል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል።

አምስተኛ፣ በራሳቸው አባባል መልሰው እንዲነግሩን እናድርግ። ገጹን ማግኘት መረዳት አይደለም። «ይህን ለጎረቤትዎ ቢነግሩ እንዴት ይሏቸዋል?» ብለን እንጠይቅ። «ከ70 በታች» የሚለውን አንብቦ «70 ሲሞላ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ 65ም ያው ነው» ብሎ የተረዳ ሰው ቁልፉን በትክክል ቢጫንም መልእክቱን አላገኘም።

7. ውጤቱን መቁጠር

5 ሰዎች 5 ተግባራትን ሞከሩ እንበል፤ በድምሩ 25 ሙከራ ነው። ለምሳሌ ያህል ተግባር 1ን 5ቱም፣ ተግባር 2ን 2፣ ተግባር 3ን 1፣ ተግባር 4ን 3፣ ተግባር 5ን 5ቱም ያለ እርዳታ ፈጸሙ ብንል፣ የተሳካው 16 ነው፤ 64 በመቶ። ቁጥሩን ለብቻው ያየ ሰው «መጥፎ አይደለም» ሊል ይችላል። ተግባር በተግባር ስናየው ግን ሕይወት የሚያድኑት ሁለቱ ተግባራት፣ 2ኛውና 3ኛው፣ ወድቀዋል። ስለዚህ አማካይ ከማውጣታችን በፊት «ይህ ተግባር ቢወድቅ ምን ይከተላል?» ብለን መጠየቅ አለብን። ኒልሰን ችግሮችን ከ0 እስከ 4 በክብደት ይመድባል፤ 0 ችግር አለመሆኑን፣ 4 ደግሞ አፑ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት የግድ መታረም ያለበትን አደጋ ያሳያል። የቀለም አለማማር 1 ቢሆን፣ «ያፍጥሩ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሦስት ገጽ ውስጥ መደበቁ 4 ነው።

እርካታን ለመለካት በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 (ፈጽሞ አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ይመለሳል። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ጥያቄዎች አፑን የሚደግፉ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው የሚነቅፉ ናቸው። አሰላሉ እንዲህ ነው፤ ከጎዶሎዎቹ መልስ ላይ 1 ይቀነሳል፤ የሙሉዎቹ መልስ ደግሞ ከ5 ላይ ይቀነሳል። ሁሉም ተደምሮ በ2.5 ይባዛል።

አንድ ተጠቃሚ በቅደም ተከተል 4፣ 2፣ 4፣ 3፣ 3፣ 2፣ 4፣ 2፣ 3፣ 4 ብለው ቢመልሱ፣ ከጎዶሎዎቹ 3+3+2+3+2=13፣ ከሙሉዎቹ 3+2+3+3+1=12 ይገኛል። ድምሩ 25፣ በ2.5 ሲባዛ 62.5 ነው። ከብዙ ጥናቶች የተገኘው አማካይ 68 ስለሆነ ይህ ከአማካይ በታች ነው። ነጥቡ ከ0 እስከ 100 ቢሆንም በመቶኛ እንደማይነበብ ልብ እንበል።

በእኛ አገር ይህ መጠይቅ አንድ ጠላት አለው፤ ይሉኝታ። ቤታቸው ድረስ ለመጡ ልጆች፣ ያውም ለተማሪዎች፣ «አልወደድኩትም» የሚል ወላጅ ማግኘት ይቸግራል። «ጥሩ ነው ልጆቼ፣ አላህ ይጨምርላችሁ» ይሉናል። ዱዓው ይደርሰናል ኢንሻአላህ፤ መረጃው ግን አይደለም። ሦስት ነገር ይረዳል። መጠይቁን አፑን ያልሠራ ሰው ይጠይቅ። የሚነቅፉት ጥያቄዎች ሲነበቡ ሐሳቡ እንዳይገለበጥ በቀስታ፣ በሚገባ አማርኛ ይነበቡ። ከሁሉ በላይ፣ የተናገሩትና ያደረጉት ሲለያይ ያደረጉትን እንመን። ነጥቡ 90 ሆኖ ተግባር 3ን አንድ ሰው ብቻ ከፈጸመ፣ የተለካው አክብሮት ነው።

8. በእኛ ሰፈር በተለይ የምንፈልጋቸው እንቅፋቶች

የሰዓት አቆጣጠር፦ ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ስልክ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ወላጆቻችን የሚቆጥሩት በሀገራችን ሰዓት ነው። በሰሑር የሚወሰድ መድኃኒት ከሌሊቱ 10:30 እንዲያስታውሳቸው የፈለጉ እናት በአፑ ላይ 10:30 ብለው ቢሞሉ፣ ስልኩ የሚጮኸው ከጠዋቱ ወይም ከምሽቱ 4:30 ነው። የሰሑሩ መድኃኒት ያመልጣል። ከዚያ የከፋው ደግሞ፣ ከጠዋቱ 4:30 ሲጮህ ጾመኛው ያለ ምግብ መድኃኒቱን ወይም መርፌውን ቢወስድ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ መቻሉ ነው። በኢፍጣር ሰዓትም እንዲሁ፤ 6:30 የሚል ጽሑፍ ለእኛ እኩለ ቀን ያለፈበት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አፑ በሀገር ሰዓት ይጻፍ፣ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከምሽቱ» ይበል፤ ከዚያም በላይ «ለሰሑር»፣ «ለኢፍጣር» የሚሉ ቁልፎች ይኑሩት።

ቀን፦ የሐኪም ቀጠሮ በፈረንጅ ቀን ከተጻፈ ያልፋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፤ ረመዷንን በሚመለከት ደግሞ የሒጅራው ቀን ይታከልበት።

ቃላት፦ «ሃይፖግላይሴሚያ» የሚል ርዕስ ማንም አይከፍትም። «ስኳር ሲወርድ» ይባል። «ግሉኮስ መጠን» ከማለት «የደም ስኳር» ይሻላል።

ምልክቶች፦ በገጹ ጥግ ላይ ያሉት ሦስት አግድም መስመሮች «ዝርዝር እዚህ አለ» ማለት እንደሆነ የምናውቀው ስለተለማመድን ነው። ለአዲስ ተጠቃሚ ጌጥ ናቸው። ከምልክቱ ሥር ቃል ይጻፍ።

ድምፅ፦ ፊደል ለማያነቡ እያንዳንዱ ገጽ የሚሰማ ድምፅ ይኑረው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር በተለያዩ የአገራችን ቋንቋዎች በተቀዳ ድምፅ ምክር በመስጠት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥሪዎችን አስተናግዷል፤ ያውም በተራ ስልክ። ቴሌብርም ከአፑ ጎን በ*127# ለተራ ስልክ መሠራቱን እናስታውስ። ከፈተናችን የምናገኘው ሐቀኛ መልስ አንዳንዴ «ለዚህ ቡድን አፕ አያስፈልግም፤ የድምፅ መስመር ይሻላል» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህንንም ለመቀበል መዘጋጀት ከኢኽላስ ነው።

የኢንተርኔት ወጪ፦ ቪዲዮው በተከፈተ ቁጥር ጥቅል የሚበላ ከሆነ አይከፈትም። እንደ ሴፍ ዴሊቨሪው አንዴ ወርዶ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ይሁን።

9. አደብና አማና

የሰው ሕመም ምስጢር ነው። ከመጀመራችን በፊት ዓላማውን አስረድተን ፈቃድ እንጠይቅ፤ መሃል ላይ ማቆም እንደሚችሉም እንንገራቸው። ስም አንመዝግብ፤ «ተጠቃሚ 1፣ ተጠቃሚ 2» ይበቃል። ድምፅ ወይም ቪዲዮ ያለ ፈቃድ አንቅዳ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይቆጥረዋል። ውጤቱን ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለኅትመት የምንጠቀምበት ከሆነ የዩኒቨርሲቲያችንን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አስቀድመን እናግኝ።

እናቶችን እህቶች፣ አባቶችን ወንድሞች ቢፈትኑ ለሁሉም ይመቻል፤ በይበልጥም ነጻ ሆነው ይናገራሉ። ስልኩ የጋራ ከሆነ አፑ የአንዱን መረጃ ለሌላው የቤተሰብ አባል እንዳያሳይ እንፈትሽ።

የምንጠይቀው በምናብ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ማንንም በጾም ላይ እያለ አንፈትንም፣ የማንንም መድኃኒት አናስተካክልም። ከፈተናው በኋላ በተሳሳተ ግንዛቤ ትተናቸው አንውጣ፤ ትክክለኛውን አስረድተን፣ መልሰው ነግረውን እንለይ። የሕመም ምልክት ያየንበትን ሰው በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ እናድርስ፤ አስቸኳይ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

በመጨረሻም የቃል አማና አለ። ፈትነን ያገኘነውን ችግር ለአፑ ሠሪ፣ ሠሪው ጓደኛችን ቢሆንም፣ ሳንደብቅ እንንገር። «ሦስት ወር ለፍቶበታል፣ እንዳይከፋው» ማለት ወንድማችንን መርዳት አይደለም። ሠሪዎቹም ትችቱን እንደ ነሲሓ ይቀበሉ። ታርሞ እንደገና ይፈተን፤ አንድ ጊዜ 15 ሰው ከመፈተን ሦስት ጊዜ 5 ሰው ፈትኖ በየመካከሉ ማረም ይሻላል።

ማጠቃለያ

የአጠቃቀም ቅለት በሠሪው አእምሮ ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በተጠቃሚው እጅ ላይ ነው። መረጃው ትክክል መሆኑ ግማሽ መንገድ ነው፤ ለተጠማው ውሃውን አሳይቶ መጥለቂያውን መንሳት እንዳይሆንብን። ስለዚህ ተጠቃሚውን በቡድን እንለይ፤ የሚፈጸም ተግባር እንስጥ፤ ዝም ብለን እንይ፤ መልሰው እንዲነግሩን እናድርግ፤ ከአማካዩ በፊት አደገኛውን ስህተት እናርም። እናታችን ሲያቅታቸው «አይችሉም» ሳይሆን «አላስቻልናቸውም» ማለት እንልመድ።

የመወያያ ጥያቄዎች ለሐለቃችን

1. በስልካችሁ ላይ ካሉት አፖች አንዱን ምረጡ። ፊደል የማያነቡ ግን ቁርኣን የሚቀሩ አባት እንዲጠቀሙበት ምን መለወጥ አለበት?
2. በተግባር 3 ላይ 5ቱም ሰዎች ቢወድቁ፣ አፑን ረመዷን ደርሷል ተብሎ ማውጣት ተገቢ ነው? ለምን?
3. አንድ ተጠቃሚ 3፣ 3፣ 5፣ 2፣ 4፣ 1፣ 4፣ 2፣ 4፣ 2 ብለው መለሱ። ነጥባቸው ስንት ነው? (መልስ፦ 75)
4. ይሉኝታን ለመቀነስ እዚህ ያልተጠቀሰ ምን ዘዴ ታውቃላችሁ?

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ ያወቅነውንም ለሰዎች የምናገራ ያድርገን። ለታመሙ ወላጆቻችን ሺፋእ ያውርድላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።